ሕንፃውና ካርታው ይተዋወቁ

አንድ ትልቅ ሕንፃ በከተማ ውስጥ ሲሠራ ስለ ሕንፃው ሁለት ዓይነት መዝገብ ይጻፋል። አንደኛው የመሐንዲሱ መዝገብ ነው። በዚህ ውስጥ ግድግዳው ከምን እንደ ተሠራ፣ በሩ ስንት ሳንቲሜትር እንደሚሰፋ፣ የውኃው ቧንቧ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ የድንገተኛ መውጫው ደረጃ በየትኛው ማዕዘን እንዳለ አንድም ሳይቀር ተመዝግቦ ይገኛል። ሁለተኛው የከተማው ካርታ ነው። በዚህኛው ውስጥ ደግሞ ሕንፃው በየትኛው መንገድ ዳር እንደ ቆመ፣ በግራና በቀኙ ምን እንዳለ፣ ጎርፉ ከየት ወደ የት እንደሚወርድ፣ የኤሌክትሪኩ መሥመር በየት እንደሚያልፍ ይታያል። ሁለቱም መዝገቦች የሚናገሩት ስለ አንድ ሕንፃ ነው። ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ የዓለም ከተሞች ሁለቱ አይተዋወቁም። ሕንፃው ተመርቆ ቁልፉ ለባለቤቱ በተሰጠ ማግሥት የመሐንዲሱ መዝገብ በመሳቢያ ይቆለፋል፤ የካርታው ክፍል ደግሞ ያንኑ ሕንፃ ማንም እንደማያውቀው ነገር ቆጥሮ፣ ከውጭ ቆሞ እንደ ገና ይለካዋል። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው። የሕንፃ ሞዴልና የካርታ ሥርዓት፣ ማንም ኩባንያ ብቻውን ባልያዘው ደንብ፣ በኢንተርኔት አማካይነት እንዴት ሊነጋገሩ ይችላሉ? ነገሩ የመሐንዲሶች ብቻ መስሎ የሚታየው ተማሪ ወይም ወጣት ሹም ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ መጨረሻው ወደ እርሱ ጠረጴዛ የሚመጣ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አንባቢ እንዲረዳልን እንለምናለን።

መጋጠሚያው አልገጥም ሲል

የጋራ ደንብ አለመኖር የሚያስከትለውን ጉዳት ለመረዳት ከኮምፒውተር በፊት የነበረ አንድ ታሪክ እናስታውስ። በፌብሩዋሪ 1904 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ከባድ እሳት ተነሣ። ከዋሽንግተንና ከፊላዴልፊያ ሳይቀር የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለርዳታ መጡ። ነገር ግን ብዙዎቹ ጎማቸውን ከባልቲሞር የውኃ ማደያ ጋር ሊያያይዙ ሲሞክሩ መጋጠሚያው አልገጥም አለ፤ እያንዳንዱ ከተማ በየራሱ ልክ ያሠራው ነበርና። ውኃው ነበረ፤ ጎማውም ነበረ፤ ሰዎቹም ደርሰው ነበር። ለጥፋቱ ምክንያት ይህ ብቻ ነው ባይባልም፣ እሳቱ እስኪጠፋ ድረስ ከ1,500 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ። በማግሥቱ ዓመት ለመላው አገር የሚሆን አንድ የመጋጠሚያ ልክ ወጣ። ይሁንና ከመቶ ዓመት በኋላም ስንኳ ሁሉም የአሜሪካ ከተሞች በዚያ ልክ እንዳልተስማሙ መጥቀስ ይገባል። ደንብ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ በደንቡ መሥራት ግን ሌላ ነው።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ደግሞ በጁን 2017 በለንደን ግሬንፌል በተባለው ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ላይ በደረሰው ቃጠሎ 72 ሰዎች ሞቱ። ጉዳዩን የመረመረው ጉባኤ በ2019 ባወጣው የመጀመሪያ ክፍል ዘገባ ካሰፈራቸው ብዙ ጉድለቶች አንዱ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የሕንፃው የውስጥ ፕላን በእጃቸው አለመኖሩ ነው። ጉባኤው እንደ ገለጸው የዚያ ሕንፃ የላይኞቹ ፎቆች አንዱ እንደ ሌላው ስለ ነበሩ የፕላኑ መታጣት ሥራውን ያን ያህል አላሰናከለም፤ በሌላ ዓይነት ሕንፃ ቢሆን ግን ጉዳቱ እጅግ ሊከፋ በቻለ ነበር። ስለዚህ የረዣዥም መኖሪያ ሕንፃዎች ኀላፊዎች የየፎቁን ፕላን ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት እንዲሰጡ ሐሳብ አቀረበ። ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ ይህ በእንግሊዝ አገር ግዴታ ሆኗል።

የገንዘቡም ኪሣራ ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ2004 ባሳተመው ጥናት፣ የሕንፃ መረጃ ከአንዱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ ሌላው በሚገባ ሳይተላለፍ በመቅረቱ፣ የአገሪቱ የትላልቅ ሕንፃዎች ሥራ በ2002 በአንድ ዓመት ውስጥ 15.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደ ከሰረ ገምቷል። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የወደቀው በሕንፃ ባለቤቶችና አስተዳዳሪዎች ላይ ነው። ይህ ቁጥር ልብ ሊባል ይገባዋል። ፕላኑን የነደፈው ሰው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ ዋጋውን ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ሲከፍል የሚኖረው ሕንፃውን የተረከበው ነው። በብዙ አገር ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው የሕንፃ ባለቤት መንግሥት ነው።

ሁለት ባለሙያዎች፣ አንድ ግድግዳ

እንግዲህ ሁለቱ መዝገቦች የማይነጋገሩት በምን ምክንያት ነው? በፕሮግራም ሻጮች ላይ ብቻ ማሳበብ ቀላል ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን ከዚህ ይጠልቃል፤ ሁለቱ ሙያዎች አንዱን ነገር የሚያዩት በተለያየ ዓይን ነው።

የዛሬው የሕንፃ ሞዴል የመሥመሮች ሥዕል ብቻ አይደለም። ግድግዳው «እኔ ግድግዳ ነኝ፤ ውፍረቴ 20 ሳንቲሜትር ነው፤ እሳትን ለ2 ሰዓት እቋቋማለሁ» ብሎ የሚናገር ያህል ባሕርዩ ከነመጠኑ አብሮት ይጻፋል። ይህን አሠራር ባለሙያዎች ቢም ብለው ይጠሩታል። በመሐንዲሱ ዘንድ ግድግዳ ማለት የሚገነባ፣ ዋጋ የሚወጣለት፣ ድፍን የሆነ አካል ነው።

ካርታ ሠሪው ግን ግድግዳን የሚያውቀው በሚታየው ገጹ ነው። ከአውሮፕላን ወይም ከመንገድ ሆኖ ሲለካ የሚያገኘው የጣራውን፣ የግድግዳውንና የመሬቱን ገጽ እንጂ ውስጡን አይደለም። ለምሳሌ ያህል በሁለት ክፍሎች መካከል የቆመ አንድ ግድግዳ እንውሰድ። በመሐንዲሱ ሞዴል ውስጥ ይህ አንድ ነገር ነው። በከተማው ሞዴል ውስጥ ግን ሁለት ነው፤ አንደኛው ገጽ የግራው ክፍል፣ ሁለተኛው ገጽ የቀኙ ክፍል ንብረት ሆኖ ይመዘገባል። አንዱን ወደ ሌላው ለመለወጥ የሚጽፍ ፕሮግራም አዋቂ ከየትኛው ክፍል ጋር የትኛው ገጽ እንደሚሄድ ራሱ መወሰን አለበት። አንድ ሕንፃ ደግሞ እንዲህ ያለ ግድግዳ በመቶ የሚቆጠር አለው። ከሁለቱ ባለሙያዎች አንዱም አልተሳሳተም፤ እያንዳንዱ ለሥራው የሚያስፈልገውን ጽፏል። እንግዲህ ችግሩን ለመፍታት አንደኛውን ጥፋተኛ ማድረግ አይረባም።

ሕንፃው የቆመው የት ላይ ነው?

ሁለተኛው ልዩነት የቦታ ጉዳይ ነው። መሐንዲሱ ሲነድፍ የግቢውን አንድ ማዕዘን ዜሮ ብሎ ይነሣና ሁሉንም ከዚያ ይለካል። ሰሜኑንም ቢሆን ለሥዕሉ እንዲመቸው ያዞረዋል። ለግንባታው ይህ በቂ ነው። ካርታው ግን ያ ዜሮ በምድር ላይ የት እንዳለ ካልተነገረው ሕንፃውን የሚያስቀምጥበት ያጣል። ይህን የሚገልጹት ጥቂት ቁጥሮች ሳይሞሉ ቀርተው፣ ሞዴሉ ወደ ካርታ ሲገባ ሕንፃው በባሕር መካከል ወይም ፕሮግራሙ በተሠራበት አገር ላይ ቆሞ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ቁጥሩ ቢሞላም እንኳ በየትኛው የልኬት መሠረት እንደ ተሞላ መታወቅ ይኖርበታል። በዚህ ረገድ የራሳችን አገር ጥሩ ምሳሌ ነው። በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ካርታ ሲነሣ የኖረው አዲንዳን በተባለው የልኬት መሠረት ነው። በእጃችን ያለው ስልክ ከሳተላይት ተቀብሎ የሚነግረን ቁጥር ግን ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 በተባለው ሌላ መሠረት የተሰላ ነው። በአንደኛው የተጻፈ ቁጥር በሌላኛው ቢነበብ ቦታው ከአንድ መቶ ሜትር በላይ ይሸሻል። መቶ ሜትር ማለት በከተማ ውስጥ የሌላ ሰው ግቢ ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ ምድር ክብ፣ ካርታ ዝርግ በመሆኑ የሚመጣ ጣጣ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ መሬት ላይ በሜትር ተለክቶ አንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ርቀት፣ ዩ.ቲ.ኤም. በሚባለው የካርታ አሠራር ሲሰላ 80 ሳንቲሜትር ያህል አጥሮ ይገኛል። ለአንድ ቤት ይህ ከሁለት ሳንቲሜትር አይበልጥም፤ 10 ኪሎ ሜትር ለሚረዝም የባቡር ሐዲድ ግን 8 ሜትር ይሆናል። ሐዲዱን የነደፈው መሐንዲስና ካርታውን የያዘው ቀያሽ አስቀድመው ካልተነጋገሩ፣ ድልድዩና መንገዱ የሚገናኙበትን ቦታ የሚያውቅ አይኖርም።

የደንቦቹ አመጣጥ

ይህን የተረዱ ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። በሕንፃው ወገን በ1990ዎቹ አጋማሽ የተመሠረተው፣ ዛሬ ቢልዲንግ ስማርት የሚባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ አይ.ኤፍ.ሲ. የተባለውን የጋራ የሕንፃ መግለጫ ደንብ አወጣ። ደንቡ በ2013 የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ሙሉ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። በ2024 የጸደቀው እትም ደግሞ ከሕንፃ አልፎ መንገድን፣ ባቡርን፣ ድልድይንና ወደብን ጨምሯል። በዚህ ደንብ የተጻፈ ሞዴል ተራ ጽሑፍ ስለ ሆነ የማንኛውም ኩባንያ ፕሮግራም ሊያነበው ይችላል። ዛሬ የሚሸጠው ፕሮግራም ከሃያ ዓመት በኋላ ቢጠፋም ጽሑፉ ይነበባል።

በካርታው ወገን በ1994 የተመሠረተው ኦ.ጂ.ሲ. የተባለው ማኅበር፣ በጀርመን አገር በ2002 የተጀመረውን ሲቲ ጂ.ኤም.ኤል. የተባለ የከተማ ሞዴል ደንብ በ2008 ተቀበለው። ይህ ደንብ አንድን ሕንፃ በልዩ ልዩ የዝርዝር ደረጃ ያስቀምጣል፤ በአንደኛው ደረጃ ሕንፃው እንደ ሣጥን ብቻ ይታያል፤ በሌላው ጣራው ከነቅርጹ፣ ከዚያም በኋላ በሩና መስኮቱ ይጨመራል።

ሁለቱ ደንቦች ከተወለዱ በኋላ የብዙዎች ምኞት አንዱን ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላው መገልበጥ ነበር። ውጤቱ ግን እንደ ምኞቱ አልሆነም። በ2019 የአውሮፓ ተመራማሪዎች ባዘጋጁት ፈተና ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ተመሳሳይ ሞዴሎችን እንዲያነቡና እንዲለውጡ ተደርገው ነበር። በተለይ ሕንፃው በምድር ላይ የት እንደ ቆመ የሚገልጸውን ክፍል በማንበብ በኩል ፕሮግራሞቹ እርስ በርሳቸው እንደማይስማሙና ብዙ ጉድለት እንዳለባቸው ታየ።

ድሩ የሚሰጠው መፍትሔ

ከዚህ በኋላ ነው ሌላ ሐሳብ እየጎላ የመጣው። ሁሉን ነገር ከመገልበጥ ይልቅ ሁሉም መረጃ በየባለቤቱ ዘንድ ይቀመጥ፤ እያንዳንዱ ነገር በኢንተርኔት ላይ የማይለወጥ አድራሻ ይኑረው፤ የሚፈልግ ሰው የሚፈልገውን ብቻ ይጠይቅ የሚል ነው። የዓለም ድረ ገጽ ሁሉ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ጋዜጣ ለማንበብ የፈለገ ሰው የማተሚያ ቤቱን ዕቃ ሁሉ ወደ ቤቱ አያግዝም።

የድረ ገጽን ደንቦች የሚያወጣው ማኅበርና ኦ.ጂ.ሲ. በጋራ ሠርተው በ2017 የቦታ መረጃን በድረ ገጽ ስለ ማቅረብ አንድ የመልካም አሠራር መመሪያ አወጡ። በ2019 ደግሞ ኦ.ጂ.ሲ. የካርታ ነገሮችን በተራ የድረ ገጽ ጥያቄ ለማግኘት የሚያስችለውን አዲስ ደንብ የመጀመሪያ ክፍል አሳተመ። አሠራሩ ለመረዳት አያስቸግርም። ጠያቂው በአንድ የድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ «በእነዚህ አራት ማዕዘኖች መካከል ያሉትን ሕንፃዎች ስጠኝ» ይላል፤ መልሱም ሰውም ኮምፒውተርም ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ይመጣል። ከመልሱ ጋር ወደ ሌላ መረጃ የሚመሩ አድራሻዎች አብረው ይላካሉ። ለዚህ ልዩ ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግም፤ ድረ ገጽ መሥራት የተማረ ተማሪ ሊጀምረው ይችላል።

ይህ በተግባር ሲውል ለማየት ወደ ኔዘርላንድ እንሂድ። በዚያ አገር መንግሥት የሕንፃዎችና የአድራሻዎች መዝገብ አለው። በመዝገቡ ውስጥ እያንዳንዱ ሕንፃ ባለ 16 አሃዝ መታወቂያ ቁጥር ተሰጥቶታል። በዴልፍት ከተማ የሚገኘው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን መዝገብና ከአውሮፕላን በሌዘር የተለካውን የመላ አገሪቱን ከፍታ አገናኝተው፣ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉትን የአገሪቱን ሕንፃዎች ሁሉ ከነጣራቸው ቅርጽ በኮምፒውተር አቆሟቸው። ሥራው ለማንም ክፍት ነው፤ በላይ በጠቀስነው የድረ ገጽ ደንብም ይጠየቃል። የፀሐይ ኀይል፣ የድምፅ ሁከት ወይም የነፋስ ጥናት የሚያደርግ ሰው የሚፈልገውን ሰፈር ብቻ ይወስዳል።

ከዚህ የምንማረው የኮምፒውተሩን ብልሃት ብቻ አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ያ ባለ 16 አሃዝ ቁጥር ነው። ሕንፃው በመንግሥት መዝገብ፣ በካርታውና በመሐንዲሱ ሞዴል ውስጥ በአንድ ቁጥር የሚጠራ ከሆነ፣ ግድግዳው አንድ ነው ሁለት ነው የሚለው ክርክር ብዙ አያስጨንቅም። ካርታው የውጩን ገጽ ይያዝ፤ ሞዴሉም ውስጡን ይያዝ፤ በመካከላቸው ግን አድራሻ ይኑር። የእሳት አደጋ መኪና በመንገድ ላይ ሳለ ኀላፊው ካርታው ላይ ያለውን ሕንፃ ነክቶ የደረጃውንና የውኃ መዝጊያውን ቦታ ሊያይ የሚችለው ይህን ጊዜ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት አባቶቻችን ስለ ኢንተርኔት ባይሆንም፣ ቃሉ ለዚህ ሥራ ይስማማዋል።

ክፍት ደንብ ክፍት በር አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የባንክ ካዝና ያለበት ክፍል፣ የወህኒ ቤት መተላለፊያ፣ የሰው መኝታ ቤት ሁሉ በኢንተርኔት ይታይ ማለታችሁ ነውን? አይደለም። ደንቡ ክፍት ነው ማለት ቋንቋው የሁሉ ነው ማለት ነው፤ በቋንቋው የተጻፈው ደብዳቤ ሁሉ ለማንም ይነበባል ማለት ግን አይደለም። ማን ምን ያህል እንደሚያይ ባለቤቱ ይወስናል። ለሕዝቡ ውጫዊው ቅርጽ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ የፎቁ ብዛትና አገልግሎቱ፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኛው መውጫዎቹ፣ ለጥገና ሠራተኛው ቧንቧዎቹ ሊፈቀዱ ይችላሉ። እንዲያውም መረጃው በፍላሽ እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞር፣ በአድራሻ ሲጠየቅ ማን መቼ እንዳየው ስለሚመዘገብ መቆጣጠሩ ይቀላል።

ሌላው ተቃውሞ የወጪ ነው። እውነት ነው፤ በትልልቅ ከተሞች የሚታየውን ሁሉ በአንድ ቀን እናድርግ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ደንቦቹ ራሳቸው ያለ ገንዘብ ይገኛሉ፤ በእነርሱ የሚሠሩ ነጻ ፕሮግራሞችም አሉ። የሚጠይቁት ከገንዘብ ይልቅ አስቀድሞ ማሰብን ነው።

ወጣቱ ሹም ሊያደርገው የሚችለው

ነገሩ ወደ ወጣቱ ሹም ጠረጴዛ ይመጣል ያልነው ስለዚህ ነው። የሕንፃ መረጃ የሚጠፋው ወይም የሚተርፈው ውሉ በሚጻፍበት ሰዓት ነው። ከሥራ ተቋራጩና ከአማካሪ መሐንዲሱ ጋር በሚደረገው ውል ውስጥ ርክክቡ የታተመ ፕላን ብቻ ከሆነ፣ ሞዴሉ ከመሐንዲሱ ጋር ይሄዳል። «የተጠናቀቀው ሕንፃ ሞዴል በአይ.ኤፍ.ሲ. ደንብ ይሰጥ» የሚል አንድ መሥመር ቢጨመር ግን ሞዴሉ የባለቤቱ ይሆናል። የተነደፈውና የተገነባው ብዙ ጊዜ ስለሚለያዩ «የተጠናቀቀው» የሚለው ቃል እንዳይዘለል መጠንቀቅ ይገባል።

ሁለተኛው መሥመር የሞዴሉ ዜሮ በምድር ላይ የት እንደ ሆነ፣ በየትኛው የልኬት መሠረት እንደ ተለካና ሰሜኑ ምን ያህል እንደ ዞረ እንዲጻፍ የሚያዝ ነው። በአይ.ኤፍ.ሲ. ደንብ ከ2013 ጀምሮ ለዚህ የተለየ ስፍራ ተሰጥቶታል፤ የሚቀረው መሙላት ነው። ቀያሹ ለመሙላት ከአንድ ቀን ሥራ በላይ አያስፈልገውም። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ያንኑ ፈልጎ ለማግኘት ወር ሊፈጅ ይችላል።

ሦስተኛው፣ ሕንፃው በመንግሥት መዝገብ የሚጠራበት መታወቂያ ቁጥር በሞዴሉም ውስጥ እንዲገባ መጠየቅ ነው። ቁጥሩ አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ሹም በተለወጠ ቁጥር መለወጥ የለበትም።

ተማሪውም ከዚህ ድርሻ አለው። የሕንፃ ምሕንድስና የሚማረው ወጣት ስለ ካርታ አሠራር፣ የቅየሳ ተማሪውም ስለ ሕንፃ ሞዴል ጥቂት ቢማር፣ ነገ በአንድ መሥሪያ ቤት ሲገናኙ አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። በአንድ ሰፈር የሚገኙ ጥቂት ሕንፃዎችን ወስዶ በነጻ ፕሮግራም ከካርታው ጋር ማገናኘት ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ሁሉን መረጃ አንድ መሥሪያ ቤት ይያዘው ቢባል ይከብደዋል። እያንዳንዱ የራሱን ይዞ፣ ሲጠየቅ በሁሉ ዘንድ በታወቀ ቋንቋ ቢመልስ ግን ሸክሙ ይቀልለታል። የባልቲሞር ሰዎች የጎማቸውን ልክ የተስማሙበት ከተማቸው ከተቃጠለ በኋላ ነው። አንድ ሹም በፊቱ በተቀመጠው ውል ላይ ሦስት መሥመር ለመጨመር ያን የመሰለ ቀን እስኪመጣ መጠበቅ አይኖርበትም።